ሳይከፈት የተፈረደበት ሬዲዮ

ወንድሜን ሰፈሩ «ራጅ» ይለዋል። አሮጌ የመገናኛ ሬዲዮ ሲመጣለት ክዳኑን ሳይከፍት፣ በእጁ መዘን አድርጎ፣ ማዞሪያውን ሁለቴ አሽከርክሮ ስሪቱንም በሽታውንም ይናገራል። ይሄ የታክሲ ነበር፣ ያኛው ከመርከብ የወረደ ነው ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ ያበላሸውም ይኸው ነው።

ኮረብታው አናት ላይ የሬዲዮ ወዳጆች ማኅበራችን ያቆመው ደጋሚ ጣቢያ አለ። የሩቁን ሰው ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ ለሁላችንም ያሰማል። የሚጠግነው ወንድሜ ነው። በየማለዳው ቀድመው «እንደምን አደራችሁ» የሚሉን ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ከሰው የሚያገናኛቸው ያ ሬዲዮ ነው።

አምና ድምፃቸው ይንጫጫና ይቆራረጥ ጀመር። የሌሎቻችን ደኅና ይሰማል። ወንድሜም ሁሉም እየሰማ በአየር ላይ ፈረደ። «እማማ፣ የእርስዎ ሬዲዮ አርጅቷል። እኛንም እየረበሸን ስለሆነ ባይናገሩበት ይሻላል።» አንዱ ቀልደኛ፣ እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፣ ሬዲዮውስ መቼ ነው የሚወጣው ብሎ አሳቀን። እኔም ስቄያለሁ፤ አልክድም። እሳቸው «እሺ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ጠፋ።

ከሰባት ወር በኋላ የቅርቦቹም ድምፅ ሲደክም ሁለታችን ኮረብታውን ወጣን። ከአንቴናው የሚወርደው ገመድ መጋጠሚያው ላይ በነጭ ናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ላይ በወንድሜ የእጅ ጽሕፈት «ለጊዜው» የሚል ቃልና የዛሬ ሦስት ዓመት ቀን አለ። ሲፈታው ውኃ ጠብ ጠብ አለ፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት በዝገት ነው። ጆሮው የደነቆረው ጣቢያው ኖሯል። እሳቸው ከሁላችንም ሩቅ ስለሆኑ ቀድመው ተጎዱ እንጂ ሬዲዮዋቸው ምንም አልሆነም። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። መጋጠሚያውን በአዲስ ቀየረው፤ እኔም እንደ ወትሮዬ በመተረብ ፈንታ መሣሪያ አቀበልኩት።

በአየር ላይ ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ቤታቸው ሄደህ ዓይናቸውን እያየህ ንገራቸው፣ ሰው ፊት ደግሞ ትደግመዋለህ አልኩት። ሄድን።

ሬዲዮው መስኮቱ ሥር በርቶ የማኅበሩን ወሬ ያወራል። ለካ ሰባት ወር ሙሉ ሲያዳምጡን ከርመዋል። የመናገሪያው ቁልፍ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል።

«በስህተት ነክቼው እንዳልረብሻችሁ ብዬ ነው» አሉ፣ ጥፋተኛዋ እሳቸው ይመስል።

ወንድሜ ወደ እሳቸው ቀረበ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እማማ። ሬዲዮዎ ደኅና ነው። ሳልከፍተው ፈረድኩበት፤ እርስዎንም ሰው ፊት አሳፈርኩ።»

ፕላስተሩን ከቁልፉ ላይ ላጠ። መናገሪያውን ሰጣቸው። ወደ አፋቸው አስጠጉትና መልሰው ዝቅ አደረጉት።

«እርግጠኛ ነህ ልጄ?» አሉት። «አሁን ብናገር ማንንም አልረብሽም?»