የግርሻ ክረምት በሰባተኛ

መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ባለች ጤና ጣቢያ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ የጀመርኩት ኢሕአዴግ በገባበት ክረምት ነው። ኃላፊዬ ጋሼ ተካልኝ በመጀመሪያው ቀን ሁለት የደም ስላይዶች እያፈራረቁ በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ።

«ይኼ ኒውክለስ አለው?»

«አለው፤ ቀይ ነጥብ ይታየኛል።»

«ወባ ነው። ያኛውስ?»

በደም ሴሎቹ መካከል የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ነበር። ነጥብ የለውም።

«ባክቴሪያ ኒውክለስ የለውም፤ አስኳል አልባ ነው» አሉ። «መጀመሪያ በቅርጹ ትለዪዋለሽ፤ ክብ፣ ዘንግ፣ ጥምዝምዝ። ቀጥሎ ቀለም ሲቀባ ሐምራዊ ወይም ቀይ መሆኑን ታያለሽ። ይኼ ጥምዝምዝ ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት ያመጣል። በልብስ ቅማል ይተላለፋል። ወባ ብለሽ ከጻፍሽ፣ ሰውየው የማያድነውን ኪኒን ይዞ ይሄዳል።»

በዚያ ክረምት የመርካቶ ማደሪያ ቤቶች በተሸካሚና በተበተነ ወታደር ተጨናንቀው ነበር። አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት ይለብሳሉ። ግርሻው ከዚያ ወጣ።

አንድ ጠዋት ሸምሱ የሚባል የበርበሬ ተራ ተሸካሚ ታናሽ ወንድሙን ከድርን አዝሎ መጣ።

«ቆላ፣ መተሐራ ሠርቶ ነው የመጣው፤ ወባ ነው» አለኝ። «ኪኒን ይስጡት፣ እህቴ።»

የከድርን ጣት ወግቼ ደሙን አየሁ። ክሮቹ ስላይዱን ሞልተውታል። ጋሼ ተካልኝም አይተው አረጋገጡ። መርፌ ታዘዘለት።

ሐኪሙ የሚጠብቀው ነገር ነበር፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን በአንዴ ሲፈጀው የታማሚው ገላ ይናወጣል። ከድርን አስተኝተው ጉሉኮስ ሰቀሉለትና መርፌውን ወጉት። ብዙም ሳይቆይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አልጋው ይንኳኳ ነበር። ከዚያ ላብ አጠመቀው፤ የደም ግፊቱ ወረደ። ሲስተር አልማዝ ከአጠገቡ አልተነሳችም። እኩለ ቀን ላይ ሕይወቱ አለፈ።

ሸምሱ ላብራቶሪው በር ላይ ቆመ።

«በሽታውን አውቃችሁታል አይደል? ታዲያ እንዴት ሞተ?»

ጋሼ ተካልኝ ከወንበራቸው ተነሱ። «አወቅነው፤ ግን በጣም በዝቶበት ነበር። ጉልበቱም አልቆ ነበር» አሉት።

ሲያናግሩት ዓይኑ ቀልቶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ አየሁት። ደሙን እንዲሰጠኝ ለመንኩት። እሱም ላይ ክሮቹ ነበሩ።

«እኔንም በዚያው መርፌ ልትወጉኝ ነው?»

«አዎ። ይንቀጠቀጣሉ። ካልተወጉ ግን ትኩሳቱ ለቀቀኝ ሲሉ መልሶ ያገረሽብዎታል፤ ሰውነትዎ እየደከመ ይሄዳል።»

«መጀመሪያ ወንድሜን ልቅበር» አለና ወጣ። ልንይዘው አልቻልንም። ከሬሳው ጋር በዝናብ ሲሄድ በመስኮት አየሁት።

በማግስቱ ሁለት ተሸካሚዎች ደግፈው አመጡት። ሐኪሙ የመርፌውን መጠን ቀንሶ አዘዘለት። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ እጁን ያዝኩ። ሲንቀጠቀጥ የከድርን ስም ይጠራ ነበር። ይተርፋል ብዬ እስኪመሽ ድረስ አላመንኩም።

ተረፈ። ሲወጣ አላመሰገነንም፤ እኛም አልጠበቅንም። በኋላ በርበሬ ተራ ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ አየው ነበር። ወደኔ ሲቀርብ ፊቱን ያዞራል።

ለአዳዲስ ቴክኒሽያኖች የምለው አንድ ነገር ነው። ጥምዝምዙን ስታዩ ውጤቱን ጽፋችሁ ብቻ አትላኩ። ሄዳችሁ ለነርሷ ንገሩ። ታማሚው አልጋ ሳይዝ፣ ጉሉኮስ ሳይሰቀልለት መርፌው አይወጋ። ያም ሆኖ የሚሞት አለ።