ከሠንጠረዡ የወጡት ገበሬዎች

የማስተርስ ጽሑፌ ጥያቄ ቀላል ነበር፦ የመስኖ ሥልጠና የወሰደ የሸዋ ሮቢት ገበሬ ካልወሰደው የበለጠ ሽንኩርት ያመርታል ወይ? በዚያ ሐሩር መጠይቄን ይዤ ከማሳ ማሳ ዞርኩ። ስለ ዕድሜና ስለ መሬት ስጠይቅ ሁሉም ይመልሳል። «ስንት ኩንታል አገኙ?» ስል ግን ሽማግሌዎቹ ያፈገፍጋሉ፤ ቆጥሮ መናገር በረካ ያሳጣል ይላሉ። ጀውሃ ወንዝ አጠገብ ያሉ አንድ አባወራ ግማሽ ቀን ዛፍ ሥር አስቀምጠውኝ ሌላውን ሁሉ ከመለሱልኝ በኋላ፣ እዚህ ላይ ስንደርስ «አልሐምዱሊላህ ብለሽ ጻፊው» አሉኝ።

ኮምፒውተር አልሐምዱሊላህን አያውቅም። ቦታውን ባዶ ተውኩት። የስሌት ሞዴሉ ደግሞ አንድ መልስ የጎደለውን ገበሬ ከነሌላው መልሱ ይጥለዋል፤ ጣልኩ ብሎም አይናገርም። ከቀሩት፣ ማለትም ከወጣቶቹ፣ «ሥልጠናው ይጠቅማል» የሚል ያማረ ውጤት አወጣልኝ። እኔም ጅሏ ደስ አለኝ። ሽማግሌዎቹ እንደሌሉ ያወቅኩት ከውጤቱ ሠንጠረዥ ግርጌ ያለውን የሰው ብዛት ከመጠይቆቼ ቁልል ጋር ሳስተያይ ነው።

ከሠንጠረዡ ሥር አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ ምርታቸውን መናገር ያልፈለጉ ሽማግሌዎች በዚህ ስሌት ውስጥ የሉም። አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት።

«ለፈታኞቹ መያዣ አትስጫቸው። መመረቅ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

«እሺ» አልኩ። አንደበቴ የተፈታው መናኸሪያ ስደርስ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይኸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል፣ ከእሳቸው ይልቅ ደግሞ የራሴ እሺታ። ዐረፍተ ነገሩ ወጣ፣ «የአካባቢው ገበሬዎች» የሚለው ርዕስ እንዳለ ቀረ፣ እኔም ተመረቅኩ።

የተጠረዘውን ጽሑፍ ይዤ እኚያን አባወራ ላመሰግን ጀውሃ ወረድኩ። አባወራው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

አንዱን ገጽ ገልጬ «እዚህ» ብል ማን ያውቅብኛል? አፌ እምቢ አለ።

«የሉበትም» አልኳቸው፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለኝ።

«ልትጠይቂኝ የመጣሽ ቀን እኮ የመስኖ ውሃ ተራዬ ነበር» አሉ። «እንግዳ ጥዬ አልሄድም ብዬ አሳለፍኩት። ግማሹ ሽንኩርት ጠውልጎ ቀረ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ፣ ልጄ።»