የባሕር ቅጠል ጾም ያስገድፋል ወይ?

አራጌ ከምጽዋ ባሕር ኃይል ቆስሎ ተሰናብቶ መካነ ሰላም ሲገባ፣ ሌላው ወታደር ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል፣ እሱ እኮ አንድ ከረጢት የደረቀ የባሕር ቅጠል! ቡናማ፣ ጭምድድ ያለ፣ አተር አተር የሚያህል ነገር የተንጠለጠለበት። ሰፈርተኛው "የምጽዋ ገለባ" እያለ ሳቀበት።

ለሚስቱ ለሸጋዬ ነው ያመጣው። እንቅርት ወጥቶባት ገበያ እንኳ አንገቷን ሳትጠቀልል አትወጣም። ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ያጥራል። ምጽዋ ያለ ሐኪም፣ ደጋ ላይ እንቅርት የሚበዛው አፈሩ አንድ ነገር ስለሚጎድለው ነው፣ እሱ ደግሞ እዚህ ቅጠል ውስጥ ሞልቷል፣ ግን ከበዛም ይጎዳልና ቆንጠር እያደረግህ ስጣት ብሎታል።

ችግሩ ሁዳዴ ገብቷል። ሸጋዬ ከባሕር የወጣ ነገር በጾም አልቀምስም አለች። አንገቴ እስከ ፋሲካ የትም አይሄድ ብላ ቀለደችበት። አራጌ አልሳቀም። ከነቅጠሉ ወደ ደብሩ መሪጌታ፣ ወደ የኔታ ወልደሩፋኤል ይዟት ሄደ።

ስለ ባሕር ከጀመረ ደግሞ ማን ያቆመዋል? ሥር የለውም አለ፣ ድንጋይ ጨብጦ ነው የሚቆመው። ምግቡን በገላው ሁሉ ከውሃው ይመጥጣል። አተር የመሰለው አየር የያዘ ነው፣ ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል። የዓሣ ግልገል እሱ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያድግ። አበባ የለው፣ ፍሬ የለው። ቀዝቃዛ ባሕር ያለው ዘመዱማ ከደብሩ ጽድ ይረዝማል። የተማሩት እንኳ ተክል ነው ለማለት ይቸገራሉ!

የኔታ ቅጠሉን ከጭናቸው አወረዱት።

"ይጨብጣል፣ ይመጥጣል፣ ልጅ ያሳድጋል። ልጄ፣ ያመጣኸው አውሬ ነው።"

ሸጋዬ አቀረቀረች። አራጌ ምላሱን ረገመ፤ ምን አስለፈለፈው? የኔታ አይተው አዘኑለት መሰል፣ ለስለስ ብለው ጠየቁት።

"ጨለማው ጋስ፣ ጥልቁ ውስጥ ይኖራል?"

"አይኖርም የኔታ። ፀሐይ ካጣ ይሞታል። ወደ ላይ የሚንሳፈፈውስ ለዚያ አይደል?"

የኔታ ቅጠሉን አንስተው መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

"ፀሐይ በልቶ የሚያድር አውሬ ሰምቼ አላውቅም። ገብሳችንም በዚያው ነው የሚኖር። ብዪ ልጄ፣ ቅጠል ነው።"

ከቅዳሴ መልስ አራጌ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ቅጠሉ ተፍታታ፣ ለሰለሰ። ቆንጠር አድርጎ ከትፎ ክክ ወጡ ላይ ጨመረና አጎረሳት። ስታላምጥ ዓይን ዓይኗን ያያል።

"ይጣፍጣል?"

"አይጣፍጥም" አለች። ለሁለተኛው ጉርሻ ግን አፏን ከፈተች።