የአርቪ የፊት ጥርስ

አርቪ ሳሎራንታ በመንደራችን የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች የናስ ባንድ ውስጥ ኮርኔት ከሚባሉት አጫጭር የናስ መለከቶች ትንሹን ሲነፋ ያረጀ ጫማ ሰፊ ነበር። ባንዱ ሰባት ሰው ነው፤ ዜማውን የሚመራው ትንሹ ኮርኔት ነው። አርቪ ታላቅ ሙዚቀኛ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ነገር ግን የጀመረውን ድምፅ አበላሽቶ አያውቅም፤ ኩራቱም ይኸው ብቻ ነበር።

አንድ የበረዶ ክረምት የፊት ጥርሱ ተነቃነቀ። ከንፈሩ የሚደገፈው በጥርሱ ነውና ጥርሱ ሲላላ ከፍተኛው ድምፅ ይሰነጠቃል። ጥርሳቸው የከዳቸው ነፊዎች ከንፈር የሚገጥምበት መንፊያው ሰፊ ወደሆነ ትልቅ መሣሪያ ይወርዳሉ። አርቪን ያስፈራው ይህ መውረድ ነበር። ለማንም ሳይናገር ዳቦውን በወተት እያራሰ መብላት፣ ሲስቅም አፉን በእጁ መሸፈን ጀመረ።

በዚህ መካከል ቱባ የሚባለውን ትልቁንና ወፍራም ድምፅ ያለውን መሣሪያ የሚነፋልን ኦኒ ሞተ። ባልደረባን በመዝሙር መቅበር ወጋችን ነው፤ ትንሹ ኮርኔት ብቻውን ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። በዋዜማው ልምምድ ላይ የአርቪ ድምፅ ደጋግሞ ተሰነጠቀ።

«ምን ሆነሃል?» አለው መሪያችን ካሌርቮ።

«ብርዱ ነው።»

«ምድጃው ጀርባህን እየጠበሰህ?»

ሰዎቹ ሳቁ። አርቪ ግን አልሳቀም።

በማግስቱ በመቃብሩ ዳር ቆምን። የመሣሪያዎቹን የጣት ቁልፎች በረዶ እንዳይዛቸው አረቄ ጨምረንባቸዋል። አርቪ መንፊያውን በብብቱ ሥር እያሞቀ፣ ጥርሱን በምላሱ ይነካካ ነበር። የኦኒ ቱባ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ነፊ አጥቶ ተቀምጧል። ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ካሌርቮ እጁን ሲያነሣ፣ አርቪ ሁለተኛውን ኮርኔት ወደምትነፋው ወደ ፖስታ ቤት ሠራተኛዋ ሒልያ ዞረ።

«አንቺ ጀምሪው።»

«እርስዎ እያሉ?»

«ጥርሴ ሊወልቅ ነው። ከፈለግሽ ነገ ስደቢኝ፤ አሁን ያዢው።»

በእጇ ባለው ፈንታ ትንሹን ኮርኔቱን አስጨብጧት ቱባውን አነሣ። የጣት አያያዙ ከትንሹ ኮርኔት ጋር አንድ ነው፤ ትንፋሹ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ሒልያ ጀመረች፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ አልተሰነጠቀም። የአርቪ ድምፅ ሸካራ ሆኖ ዘግይቶ ገባ። በመጀመሪያው ስንኝ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጠረው፤ በሦስተኛው ግን ከእኛ ጋር እኩል ደረሰ። የኦኒ ሚስት ያን ጊዜ ቀና አለች።

ስንመለስ ካሌርቮ ከአርቪ ጎን ሄደ።

«ማክሰኞ ልምምድ አለ» አለው። «ቱባው ይከብዳልና በበረዶ መንሸራተቻ ጎትተህ ና።»

«መንሸራተቻው የሚስቴ ነው፤ እሷን ጠይቃት» አለ አርቪ።