ለጅረቱ ብዬ የመረጥኩት ትምህርት

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ዝናብ ይዞኝ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ተጠለልኩ። ጉሙ ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሱቆች እንኳ በቅጡ አይታዩም ነበር። ከእኔ ቀድመው አንድ አባትና ልጅ ገብተዋል። ልጅቷን ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ ተቀብለዋት ኖሯል፤ ሁለቱም የአካባቢ አያያዝ ነው፣ አንዱ ወደ አየር ንብረት፣ ሌላው ወደ ከተማ ቆሻሻ ያደላል። አባትየው ይኼኛው ይላሉ፣ እሷ ያኛው። ክርክሩ የሚዋደዱ ሰዎች ክርክር ነበር፤ ባለሱቁ እንኳ ሥራውን ትቶ ፈገግ እያለ ይሰማል። በመጨረሻ አባትየው ወደ እኔ ዞሩና «እርስዎ የተማሩ ይመስላሉ፤ እስቲ ይፍረዱን፣ የትኛው ይሻላታል?» አሉኝ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዝናቡ አባርቷል ብዬ ወጣሁ። ዝናቡ ግን አላባራም ነበር።

በዚያች ልጅ ዕድሜ እያለሁ በኬሚስትሪ ተመርቄ ኮምቦልቻ በአንድ የመንግሥት ቢሮ በጀማሪ ባለሙያነት ተቀጥሬ ነበር። ቤታችን እዚሁ ሆጤ ስለሆነ ጠዋት ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። ደሴ ሹራብ ደርቤ እወጣና፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንደርስ አውልቄ በክንዴ እይዘዋለሁ። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ቤቱ የአባቴና የእኔ ብቻ ነበር። አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ራት ላይ ስለ ወንዞችና ስለ ወደቦች ሲያወራ ወጡ ይቀዘቅዝብን ነበር።

በዚያው ክረምት ሁለት መልሶች በተከታታይ መጡልኝ። አንዱ ከሆላንድ ነው፤ የአካባቢ አስተዳደር ማስተርስ፣ ሙሉ ወጪው ተችሎ። ሌላው ከአዲስ አበባ፣ የፋብሪካ ፍሳሽና የውሃ ብክለት ላይ የሚያተኩር ትምህርት ነበር። የአዲስ አበባው መምህር በስልክ ሲያናግረኝ የመመረቂያ ጥናቴን በገዛ አገሬ ውሃ ላይ መሥራት እንደምችል፣ ላቦራቶሪውም ክፍት እንደሚሆንልኝ ነገረኝ። ሁለቱም ቶሎ መልስ ይፈልጋሉ።

ለአባቴ ሁለቱንም ስነግረው ስለ አዲስ አበባው የሰማ አይመስለኝም። ካርታውን ዘርግቶ ሆላንድን በጣቱ አሳየኝ፤ ባሕሩን በግንብ ገፍተው የሚኖሩ ሕዝቦች መሆናቸውን፣ ስለ ውሃ ከማንም ይልቅ እነሱ እንደሚያውቁ ነገረኝ። «እኔ በሰሌዳ ላይ ሳስተምረው የኖርኩትን አገር አንቺ በእግርሽ ርገጪው» አለኝ። ብቻውን እንደሚቀር አንዳችም አላነሳም። ለእኔ የከበደኝ ግን ያው ብቻውን መቅረቱ ነበር።

አጎቴ ሐሰን የመጡት በዚያ ሳምንት ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ከፋብሪካዎቹ በታች በሚወርድ ጅረት ዳር ሽንኩርትና ማሽላ ያመርቱ ነበር። እናቴ ያደገችው እዚያ ነው። እኔም የልጅነት ዕረፍቴን ያሳለፍኩት እዚያው ጅረት ውስጥ እየተንቦጫረቅኩ ነው። አጎቴ ወደ ደሴ የሚወጡት ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ካልሆነ አይደለም፤ ብርዱን አይወዱትም። በሩ ላይ ሳያቸው ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር።

ከሰላምታውና ከዱዓው በኋላ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ሃይላንድ ውሃ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ውሃው የደፈረሰ ሻይ ይመስላል። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ።

«እኛ እንግዲህ ይኼን ነው የምናጠጣው» አሉ። ከዚያ በዝግታ፣ ሰው እንደማይከሱ ሁሉ እየተጠነቀቁ፣ የሆነውን ነገሩን። ካንድ ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ በሌሊት ይለቀቃል። ላሞቹ ይጨነግፋሉ። ሽንኩርቱ ከሥሩ እየበሰበሰ ይወጣል። ለቀበሌ አቤት ብለዋል፣ ለወረዳ አቤት ብለዋል፤ «ማስረጃችሁ ምንድን ነው?» ተብለዋል። «ሽታው ማስረጃ አይሆንም አሉን። የተማረ ሰው በመሣሪያ መርምሮ ካልጻፈው ወሬ ነው አሉን። ከድጃ፣ አንቺ ስለዚህ ልትማሪ ነው ሲሉ ሰማሁ። ሀቂቃ ከሆነ ይኼን ተማሪልን።»

አባቴ ካርታውን አጥፎ አስቀመጠ። ራት ቀረበ፣ በላን። አጎቴ ሐሰን ስለ ሆላንድ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ማንም አልነገራቸውም። ጠዋት ሲሄዱ አባቴ እስከ መናኸሪያ ሸኛቸውና ተመልሶ እንዲህ አለኝ፤ «ሐሰን ወንድሜ ነው። የያዘው ችግር ግን የመንግሥት ችግር ነው። በራስሽ ጀርባ ላይ አትጫኚው።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ወደ አጎቴ ዘንድ ወረድኩ። ለራሴ ልሰናበታቸው ነው ብዬ ነበር። መንገዱ ዳር በለስ የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረዋል፤ ገዝቼ እየላጥኩ ሄድኩ። ወደ ማሳው ስጠጋ የበለሱ ጣዕም አፌ ውስጥ ጠፋ። ጅረቱ ዳር ያለው ሣር ከሥሩ ጠቁሯል፣ ድንጋዮቹ ላይ አረፋ ደርቆ ተጋግሯል። የአጎቴ ባለቤት እት ዘይነብ ልትስመኝ እጇን ስትዘረጋ፣ ጣቶቿ በመላጥና በመሰንጠቅ የሌላ ሰው እጅ መስለዋል። በዚያ ውሃ ታጥብ ነበርና።

ዳለቻ የሚሏት ላማቸው በረቱ ጥግ ተኝታለች። እኔ በልጅነቴ እርጎዋን የጠጣሁት ላም ልጅ ናት። ሆዷ ተነፍቶ፣ አንገቷን መሬት ላይ አጋድማለች። አጎቴ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው ዝንቡን ከዓይኗ ላይ እሽ ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ሞተች። ጎረቤቶች መጥተው ጎትተው ወሰዷት፤ ሥጋዋን ውሻ እንዳይበላው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩላት። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። እኔን የሰበረኝ ይህ ዝምታ ነበር። ሰው መቆጣት ሲያቆም ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ደሴ ፒያሳ ያለው ኢንተርኔት ቤት ገባሁና ለሆላንዶቹ ጻፍኩ። ሁለት መስመር ናት፤ አመሰግናለሁ፣ መምጣት አልችልም። «ላክ» የሚለውን ከነካሁ በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ባለቤቱ ጨርሰሽ እንደሆነ ተነሺ፣ ሰው እየጠበቀ ነው አለኝ። ለአባቴ ቤት ገብቼ ስነግረው «ኸይር ያድርገው» አለ። ከዚያ በኋላ ራት ላይ ስለ ወደብ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

አዲስ አበባ ትምህርቱ ከባድ ነበር፤ እኔ ግን ለአንድ ቀን አልሰለቸኝም። ለምን እንደምማር አውቃለሁ። ከጅረቱ ውሃ እየቀዳሁ፣ በበረዶ ሣጥን አድርጌ፣ አውቶቡስ ውስጥ በጉልበቴ መካከል ይዤ እሄዳለሁ። ተሳፋሪው ዓሣ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። አጎቴ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሁልጊዜ ጅረቱ ዳር ይጠብቁኛል፤ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ሲያቀብሉኝ ቢስሚላህ ይላሉ። ፊታቸው ላይ ተስፋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ውጤቱም እንደፈራነው ወጣ። ውሃው ለሰው ቀርቶ ለከብትም ለመስኖም የሚሆን አልነበረም። ሽታ ሳይሆን፣ በመሣሪያ የተመረመረ፣ የተጻፈ፣ መምህራን የመሰከሩለት ጥናት ያዝኩ።

ተመልሼ ቢሮዬ ስገባ አንድ ስብሰባ ተጠራልኝ። ኮምቦልቻ በአንድ አዳራሽ፣ የወረዳው፣ የከተማው፣ የፋብሪካው ሰዎች ባሉበት አቀረብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሰዎቹ በጸጥታ ሰሙኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ለሻይ ተነሣን። ሰብሳቢው ብስኩቱን እያኘኩ «በጣም ጥሩ ጥናት ነው፤ ይታያል» አሉኝ።

አጎቴ ከአዳራሹ ደጅ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ይጠብቁኝ ነበር። ንጹሕ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ለጁምዓ የሚለብሱትን።

«እህ፣ ምን አሉ?»

«ይታያል አሉ።»

«ይታያል አሉ?» ብለው ደገሙት። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «አብሽሪ» አሉኝ። እኔን ማጽናናታቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያላንኳኳሁት በር የለም። ጥናቱን እያባዛሁ ከቢሮ ቢሮ፣ ከከተማ ከተማ ዞርኩ። ሁሉም ይቀበለኛል፣ ሁሉም ወንበር ይስብልኛል፣ ሁሉም ይታያል ይለኛል። አንድ ቀን ወደ ችግኝ ክፍል ተዛውረሻል ተባልኩ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። አጎቴ የቀሩትን ላሞች ደጋን ከተማ ወዳሉት አማቾቻቸው ላኳቸው። ሽንኩርቱ ቀረ። ማሽላውም ፍሬው እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ መሬቱ ጦም አደረ።

የማሽላ እሸት በሚጠበስበት ወራት፣ አጎቴ እንደገና ወደ ደሴ ወጡ። የራሳቸው ማሳ ጦም ስላደረ ከመንገድ የገዙትን እሸት ይዘውልን መጥተዋል፣ ባዶ እጅ መግባት አልፈለጉም። ብዙ ቆይተው ነው የመጡበትን ሀጃ የነገሩኝ።

«ከድጃ፣ አላህ ይስጥሽ። ብዙ ለፋሽልን። አሁን ግን ተይው።»

እሳቸው ቀጠሉ። ልጃቸው ሰይድ የሚያርሰው ስለጠፋ ሥራ ፈልጎ፣ እዚያው ፍሳሽ የሚለቀው ፋብሪካ ገብቷል። አለቆቹ የማን ዘመድ እንደሆነ ደርሰውበታል። እኔ አንድ ቢሮ በሄድኩ ቁጥር እሱን ጠርተው ይጠይቁታል።

«መሬቱስ አጎቴ?» አልኳቸው።

«መሬቱማ ሄደ። ልጁ ደግሞ እንዳይሄድብኝ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸውን አላዞሩም፣ አላፈሩም። እንዲያፍሩም የሚገባ አልነበረም። እኔም እሺ አልኳቸው። ሰው የጠየቀኝን ለማድረግ አንዱን ትምህርት ትቼ ሌላውን ተማርኩ፤ ያው ሰው ተይ ሲለኝ ደግሞ ተውኩ። አባቴ ከጓዳ ሻይ ይዞ ብቅ አለ። ሁሉን ሰምቷል። ከአጎቴ ጎን ተቀምጦ ትከሻቸውን ይዞ ስለ ዝናቡ ጠየቃቸው፤ ዘንድሮ በእናንተ በኩል እንዴት ነው አላቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ዝናብ ሲያወሩ እኔ እሸቱን እየፈለፈልኩ ተቀምጫለሁ። አንድም ፍሬ አልበላሁም።

አባቴ እስኪሞት ድረስ «ብዬሽ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይቀለኝ ነበር። አጎቴም ዐርፈዋል። በለቅሷቸው ላይ ሰይድ ከልጆቹ ጋር ቆሞ እንግዳ ሲቀበል አየሁት። እየሳለ ነበር። ስለ ሳሉ አልጠየቅኩትም፣ እሱም ስለ ሥራው አላወራኝም። እት ዘይነብ ግን ጠጋ ብላ «እሱ እስኪሞት ድረስ የእህቴ ልጅ ምሁር ናት እያለ ሲኩራራ ነበር» አለችኝ።

አንዳንድ ሰው «ሆላንድ ብትሄጂ ኖሮ» ይለኛል። የተሳሳተ መንገድ የመረጠ ሰው ቢያንስ ትክክለኛው የቱ እንደነበር እያሰበ ይቆጫል፤ ቁጭትም እኮ አንድ ጓደኛ ነው። እኔ ያም የለኝም። ብሄድ ኖሮ ዳለቻን ጥዬ እንደሄድኩ እኖር ነበር። ቀረሁ፣ የሆነውም ሆነ። ዛሬ እንደገና ምረጪ ብባል ያንኑ የምመርጥ ይመስለኛል፤ የሚሆነውም ያው ይሆናል። ያኔ እንቅልፍ ያሳጣኝ ጥያቄ በእኔ ውሳኔ የሚፈታ ነው ብዬ አምን ነበር። የጅረቱ ዕጣ ግን የሚወሰነው እኔን በማያውቁኝ፣ እኔም በማላውቃቸው ሰዎች ነበር። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ይህን አያስተምሩም፤ ቢያስተምሩስ ማን ይመዘገብ ነበር?

አሁን እኔም ዕድሜዬ እየገፋ ነው። ዛሬም ጠዋት ኮምቦልቻ ወርጄ ከመናኸሪያው ወደ ቢሮ በሚወስደኝ ታክሲ ተሳፈርኩ። ጅረቱን የምንሻገርበት ድልድይ ጋ ስንደርስ ረዳቱ እንደ ወትሮው «መስኮት ዝጉ» አለ። ሁሉም ተሳፋሪ እጁን ሰደደና ዘጋ። ወሬያቸውን እንኳ አላቋረጡም። በእኔ በኩል ያለውን እኔ ዘጋሁት።