ይርገዱ ያልተቀበለችው ግጥም

ይርገዱን ካወቅኋት ሃያ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሃያውን ዓመት ከጎኗ ተቀምጬ ማሲንቆ መትቻለሁ። አንዱን ዓመት ተኳርፈን ለብቻዬ ከሠርግ ሠርግ ስዞር ከረምኩ። ስንታረቅ እሷም ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። "ለሞላ፣ ቤቱ ሰው ሞልቷል በሉት" ብላ ላከችብኝ፣ ማሲንቆዬን ይዤ ሄድኩ። በእኛ መካከል ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነው።

የተወለደችው ወግዲ ገጠር ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ አክስቷ እታገኘሁ ዘንድ መካነ ሰላም መጣች። እታገኘሁ ከመናኸሪያው በታች ባለው ሰፈር ጠጅ እየሸጠች የምትዘፍን ሴት ነበረች። ይርገዱ መጀመሪያ ብርሌ አጠበች፣ ቀጥላ ከአክስቷ ኋላ ቆማ አጨበጨበች። አክስቷ ስትሞት ቤቱም ዘፈኑም ለእሷ ቀረ። ባልም ነበራት፣ የጭነት መኪና ሹፌር። አንድ ቀን ወደ ደሴ ጭኖ ሄደና እዚያው ቀረ። ስለ እሱ የሚጠይቃት ሲመጣ "መንገድ ላይ ነው" ትላለች። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ነው።

ቤቱ ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም። የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ሦስት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አግዳሚ። ነገር ግን ገበያ ቀን ከቀትር ጀምሮ መቀመጫ አይገኝም። ከከላላ በበቅሎ የመጣ ገበሬ፣ ፈተና አርሞ የደከመው መምህር፣ ከሚስቱ የተጣላ ነጋዴ፣ ሁሉም አንድ አግዳሚ ላይ ይጨናነቃል። ክርስቲያኑ ጠጅ፣ ሙስሊሙ ብርዝ ይይዛል፣ ማንም የማንንም ብርሌ አያይም። ሰፈሩ ውስጥ እንዲህ ያሉ አራት ቤቶች ነበሩ። ከእኛ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ደግሞ ከበሮ የሚሠራው አወቀ ነበር፤ ቀን ሙሉ ሲደበድብ ስለሚውል ራሴን ያሳምመኝ ነበር።

የእኛን ቤት ልማድ ለማያውቅ ሰው ልንገር። እዚያ ዘፈኑ የዘፋኟ ብቻ አይደለም። እንግዳው "ተቀበይ" ይላል፣ እኔ ደጋኔን አነሳለሁ፣ እሱ ግጥሙን ይናገራል፣ ይርገዱ አንድ ቃል ሳትለውጥ በዜማ ትመልስለታለች። ስድብም ይሁን ሙገሳ መቀበል ግዴታዋ ነው። ነውር ቢኖርበት ነውሩ የሰጪው ነው። ሰው በራሱ አፍ ሊለው ያቃተውን በሌላ አፍ ሲባል ሊሰማ ይመጣል። ጠጁማ ሌላም ቦታ ሞልቷል፣ የእኛው ደግሞ እውነት ለመናገር ቀጭን ነበር።

ጋሽ አብዱልጀሊል በየገበያው የሚመጡት ለዚህ ነበር። በከላላ መንገድ ያለች አንዲት ቀበሌ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ዑበይዳ ከስድስት ዓመት በፊት በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳውዲ ሲሻገር ጀልባዋ ሰጠመች። ከዚያች ጀልባ የተረፈ የአገር ልጅ ተመልሶ፣ ሲሰምጥ በዓይኔ አይቻለሁ አላቸው። አባትየው አመኑ። ባለቤታቸው እትዬ ዓሊማ ግን አላመኑም። ሬሳ አላየሁ፣ ልጄ ሪያድ ነው፣ የማይደውለውም ስልኩን ቀምተውት ነው አሉ። ሰደቃ አይወጣም፣ ለቅሶ አይቀመጡም፣ "ዑበይዳ ነበር" የሚል ሰው ደጃፋቸውን አይረግጥም። ስለዚህ ጋሽ አብዱልጀሊል የልጃቸውን ሞት የሚሰሙት በሳምንት አንድ ቀን፣ በይርገዱ አፍ ብቻ ነበር። ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ብርዛቸውን እስከ ግማሽ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው "ተቀበይ" ይላሉ። ሁሌም ያችኑ ናት፦

ሰው ሁሉ አፈር አለው ሄዶ የሚያርፍበት፣
ዑበይዳ ብቻውን ባሕር ነው ያለበት።

ይርገዱ ትቀበላለች። እሳቸው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉና ምርቃታቸውን ሰጥተው ይነሳሉ። ከረመዳን በቀር አንድም ገበያ ቀርተው አያውቁም።

አምና ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ይነሳል ተባለ። በየግድግዳው በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈ። ይርገዱ ወጥታ የእኛን አየችና "አምሳ ሰባት" ብላ አንብባ ተመልሳ ገባች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እኔም አላለቀስኩም። የአወቀን ቤት ማሽኑ ሲጥለው ሰፈርተኛው ሁሉ ደጅ ቆሞ ዝም ብሎ አየ። አወቀ ራሱ እጁን ኪሱ ከቶ ነበር የሚያየው። ከጦርነቱም፣ ከኑሮውም፣ በየሳምንቱ ከሚመጣው የስደተኛ መርዶም በኋላ የሚያመን ቦታ ያለቀብን ይመስለኛል። ያ ሁሉ ድብደባ ጸጥ ሲል የራስ ምታቴ ተወኝ፣ ደስ ግን አላለኝም።

ቀድሞ በፈረሰው ወገን ሕንፃ ተነሳ፣ የእኛና የሌሎቹ ዘፋኞች ቤት ተራው ገና ነበር፤ ከምድር ቤቱ አንድ አዳራሽ ለባህል ቤት ተያዘ። አራት ዘፋኝ ቤቶች፣ አንድ አዳራሽ። ኮሚቴ በየቤቱ እየዞረ አይቶ ይመርጣል ተባለ። ኮሚቴውን የሚያስተባብረው ምስክር የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ክፉም አይደለም። ከጉብኝቱ ሁለት ቀን በፊት መጥቶ ይርገዱን ለብቻዋ አነጋገራት።

"እትዬ ይርገዱ፣ እኔ እናንተ እንድታገኙት ነው የምፈልገው። የሞትና የስደት ነገር ብቻ አይነሳ። እንግዶቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት፣ የከተማዋን መልካም ነገር ነው ማየት የሚፈልጉት" አላት።

እሺ አለችው። እሱ ሲሄድ አዳራሹን ካላገኘን ምን ታስቢያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ከመዝፈን ሌላ ብርሌ ማጠብ ብቻ እንደምታውቅ፣ ለእሱም ወገቧ እንደማይችል ነገረችኝ። ይህን ስትለኝ የሰው ጉዳይ የምታወራ ነበር የምትመስለው። ትሰጊያለሽ ወይ ብላት "ምንም አይሰማኝም፣ ሞላ። እንዲህ ከሆንኩ ቆየ" አለችኝ።

ጉብኝቱ ገበያ ቀን ላይ ዋለ። ጠዋት ጋሽ አብዱልጀሊልን ገብስ ተራ አግኝቼያቸው ነበር። ዛሬ አይምጡ፣ እንግዳ አለብን ማለት አሥር ቃል አይፈጅም። ሰላም ብያቸው፣ ስለ በቅሏቸው ጠይቄ አለፍኩ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቀውም። አፍሬ ይሁን ሰንፌ፣ እንጃ።

እንግዶቹ ሰባት ሆነው መጡ፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ይርገዱ ስለ ወሎ መልክ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ልማዳችን ዘፈነች፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ምስክር ከበሩ አጠገብ ሆኖ ራሱን በእሺታ ይነቀንቅልኛል። ከዚያ ከጥጉ ያ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

"ተቀበይ" አሉ ጋሽ አብዱልጀሊል።

እጄ ለምዶበት ደጋኔን አነሳሁ። ግጥማቸውን ተናገሩ። ይርገዱ ወለሉን አየች። አልሰማች መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት፣ አሁን ቤቱ በሙሉ ሰማ። እሷም ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ እኔ ዞራ በአገጯ ምታ አለችኝ። መታሁ። ያውም የእሳቸውን ዜማ ትቼ የሠርግ ዜማ ጀመርኩ፤ ማንም አላዘዘኝም። ይርገዱ ለእንግዶቹ እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ግጥም ከራሷ ፈጥራ ሰባቱንም በየተራ አሞገሰች። በሃያ ዓመት ውስጥ የተሰጣትን ግጥም ሳትቀበል ስትቀር ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ጋሽ አብዱልጀሊል ብርሌውን ከነብርዙ አስቀመጡት። ዱላቸውን አንስተው በእንግዶቹ ፊት ሲያልፉ ጎንበስ ብለው "አፉ በሉኝ፣ ረበሽኋችሁ" አሉና ወጡ።

አዳራሹን አገኘን። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፣ ያንሸራትታል። መብራቱ ቀለሙን እየቀያየረ የይርገዱን ፊት አንዴ አረንጓዴ አንዴ ቀይ ያደርገዋል። ለማሲንቆዬ ማይክ ተሰጠኝ፣ ጭራው ሲፋቅ እንደ በር ይጮኻል። ሰው ይመጣል፣ ወጣቱ በስልኩ ይቀርጸናል፣ ይጨፍራል። "ተቀበይ" የሚል ግን ጠፋ። ድሮ ከሚመጡት ገበሬዎች አንዳንዱ ብቅ ይላል፣ ይጠጣል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ያን ዕለት የሆነውን ሁሉም ሰምቷል። ይርገዱ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ እስከ መጨረሻው ትዘፍናለች፣ ሲያልቅ ጫማዋን ቀይራ ቤቷ ትገባለች።

ጋሽ አብዱልጀሊል ሳይመጡ አምስት ገበያ ቆጠረች። በስድስተኛው "ጋሽ አብዱልጀሊል ዘንድ ውሰደኝ" አለችኝ። ባጃጁ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ተጉዘን ደረስን። እትዬ ዓሊማ በደስታ ተቀበሉን። ከየት እንደምንተዋወቅ ለመንገር ጊዜ እንኳ ሳይሰጡን እርጎ አቀረቡልን። ከጓዳው በር አጠገብ አልጋ ተነጥፏል፣ ከላዩ አዲስ ብርድ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል። የማን እንደሆነ አልጠየቅንም።

ይርገዱ ይቅርታ ልትል ነበር የሄደችው። እንዴት ትበል? ይቅርታው ያለ ዑበይዳ ስም አይሆንም፣ ስሙ ደግሞ እዚያ ቤት እንደ ሙት አይጠራም። ስለዚህ ስለ ገብሱ አወራን፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ማዳበሪያ መዘግየት። እትዬ ዓሊማ ይርገዱን የከተማ ሰው ስለሆነች ሪያድ ዘመድ ያለው ሰው ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። እጠይቃለሁ አለች። ባልየው መሬት መሬት ያያሉ።

ለመሄድ ስንነሳ ጋሽ አብዱልጀሊል እስከ መንገዱ ሸኙን። ቤቱ ከዓይን ሲሰወር ይርገዱ ቆመች።

"ጋሼ፣ ያን ዕለት በደልኩዎት። ይምጡ፣ ማንም ይኑር ማን እቀበልዎታለሁ። አዳራሹን ቢነጥቁኝም ይንጠቁኝ" አለች።

ሰውየው አልተቆጡም። ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"አፉ ብዬሻለሁ፣ ልጄ። ተቀይሜሽ አይደለም የቀረሁት። ያን ዕለት ሳትቀበይኝ ስትቀሪ፣ ለካ ይሄ ነገር ሳይባልም ይታደራል አልኩ። ወደ ቤቴ ገባሁ፣ ዓሊማ አልጋውን ስታነጥፍ አገኘኋት፣ አገዝኳት። እንግዲህ የምሰጥሽ ግጥም የለኝም" አሉና ጨመሩ፦ "ልጄ ሪያድ ነው።"

ይርገዱን አየኋት። ያን ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የቀበረችው እሷ ናት። አፏን ከፈተች፣ ግጥሙን ልትለው ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"አላህ በሰላም ያገናኛችሁ" አለች።

"አሚን" አሉ ጋሽ አብዱልጀሊል፤ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።