አርባ ስምንት ላይ የወጣው ሰው

ሌን ፐርቢክ ለአውራጃው የክሪኬት ቡድን የተጫወተው አሥራ አንድ ግጥሚያ ነው። አሥራ አንድ ብቻ! የመንደሩ የሃርዝቢ ከሰል ቆፋሪዎች ግን ዛሬም የሚያወሩት ስለ መጨረሻዋ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በጋው ሊያልቅ ሲል ነበር። ጠዋት ካፒቴኑ ሚስተር ዴንሃም በረንዳው ላይ ጠራውና፣ "ስማ ፐርቢክ፣ ዛሬ ሃምሳ ነጥብ ካመጣህ ለከርሞም ከእኛ ጋ ነህ። ካላመጣህ ግን ነገሩ ከእጄ ወጥቷል" አለው። ካልሆነለት የሚጠብቀው አባቱ ኢኖክ ሠላሳ ዓመት ሳንባውን ያስበላበት፣ ዛሬም የሚወርድበት የከሰል ጉድጓድ ነው።

ኢኖክ የእሑድ ኮቱን ለብሶ ከሜዳው አጥር ሥር ተቀምጧል። ሌንን የኳስ መምቻውን ዱላ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው። ከዚያም በፊት አንድ ነገር አስተምሮታል፦ ኳሷ ዱላህን ወይም ጓንትህን ነክታ ከኋላህ ከተቀለበች ተራህ አልቋል፤ ዳኛ አትጠብቅ፤ ራስህ ውጣ። ሌን በስምንት ዓመቱ አንዴ "አልነካችኝም" ብሎ ቢዋሽ፣ አባቱ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረውም።

ሌን አርባ ስምንት ነጥብ ደረሰ። አንዲት ጥሩ ምት ቀረችው። ቀጣይዋ ኳስ ተስፈንጥራ መጣችና የጓንቱን ጫፍ ላስ አድርጋ አለፈች፤ ከኋላው የቆመው ተጋጣሚ ቀለባት። ተጋጣሚዎቹ ለወጉ ያህል "ነካችው!" ብለው ጮኹ። ዳኛው፣ "አልነካችውም፤ ቀጥሉ" አለ። ከሌን ጣት በቀር እውነቱን ያወቀ አልነበረም።

ዱላውን ብብቱ ሥር ወሽቆ ወጣ። ሰዉ አጨበጨበለት፤ ጭብጨባ እንደሁ አይከፈልበት! መልበሻ ክፍል ሲገባ አንዱ ጓደኛው፣ "ተነሡ፣ ቄሱ መጡ! ቡራኬ እንቀበል!" ብሎ አላገጠበት። አልከፋውም። የቸኮለው ወደ አባቱ ነበር።

"አየኸኝ አባዬ?"

ኢኖክ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። ቀና አላለም።

"ነክታህ ነበር?"

"አዎ። ጓንቴን።"

ሽማግሌው ሳል ያዘው፤ እስኪለቀው ቆየ።

"ዳኛው እኮ አላየም፣ ልጄ። ምናለ ዛሬን እንኳ ዝም ብትል?"

የሌን ልብ የተሰበረው ያኔ ነው፤ ሃምሳው ሲቀርበት አይደለም። አባቱን ደግፎ ወደ መንደራቸው አውቶቡስ ወሰደው።

ሰኞ ማለዳ አባትና ልጅ የቆርቆሮ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው የጉድጓዱ አሳንሰር ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ። መውረድ ሲጀምሩ ኢኖክ በጨለማው የልጁን እጅ ፈልጎ ያዘ፤ ታች እስኪደርሱ አልለቀቀውም።